የነሐሴ ቁርጥ

በብሬኮን ግርጌ፣ ዝናብ በማይጠፋው፣
ቤተ ክርስቲያኗን ዙሪያውን ከብቦ፣ መቃብሩን አቅፎ የሰፋው፣
ዛፍ አለ፣ ጥቁር ዛፍ፤ ጥድ ይመስላል እንጂ ጥድ አይደለም ከቶ፣
"ዩ" ይሉታል ስሙን፤ ከሙታን ጋር ኖሯል፣ ከሙታን ጠጥቶ።
በግ ቅጠሉን ቀምሳ ከበሩ አትደርስም፤
አባቴ ሲመክረኝ፣ "እሱን የነካ ሰው ጣቱን አይልስም።"

የከሰሉ ጉድጓድ የተዘጋ ለታ፣
መቀስ ሰጡኝ ቄሱ፣ በአካፋዬ ፋንታ።
ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ ነሐሴ በመጣ፣
ያመቱን ለምለም ጫፍ እመለምላለሁ፣ አሮጌው እንጨቱ አብሮ እንዳይወጣ።
አፈር እንዳይነካው ሸራ ከሥሩ አንጥፌ፣
ጆንያውን ሞልቼ መኪና እጠብቃለሁ፣ ፒፓዬን ሰክቼ ባፌ።
ሾፌሩ ቴግዊን ነው፤ ከመኪናው ወርዶ ሚዛኑን ይሰቅላል፤
"ሃያ ሁለት ኪሎ" ብሎ በእርሳስ ጽፎ፣ በጣቱ ያሰላል።
"ለመድኃኒት ነው" ብሎኛል አንዴ። ለማን? አልጠየቅሁትም፤
ብሬን ቆጠርሁና፣ በማግስቱ ቀን አላስታወስሁትም።

ኔስታ ሳል ጀመራት።
ትምባሆ አልቀመሰች፣ ከከሰሉ ጉድጓድ አንድ ቀን አልወረደች፤
የኔን ጥቁር ልብስ ግን ስታጥብ ኖረች፣ የኔን ጭስ ግን ስትምግ አረጀች።
ሐኪሙ ወጣት ነው። ራጁን መብራት ላይ ለጥፎ፣
አሳየን፣ ከቀኝ ሳንባዋ ግርጌ ነጭ ነገር አርፎ።
እሷ ናት የጠየቀች፦ "ቁርጡን ንገረኝ፣ ልጄ።"
እሱ ቁርጡን ሲናገር፣ ጉልበቴ ላይ ሆኖ
መቀስ እንደያዘ ይቆርጥ ነበረ ባዶ እጄ።

ጎረቤት መች ዝም ይላል? ዴሊዝ ሥር ቀቅላ በጠርሙስ አመጣች፤
ኔስታ አመስግና፣ መስኮቱ ላይ አኑራ፣ አበባ አጠጣች።

ሆስፒታል፣ ማክሰኞ። ግሉኮስ ተሰቅሎ ጠብታው ሲወርድ፣
"ይሄ እኮ ከዛፍ ነው" አለችን ነርሷ፣ ያቺ ቀጭኗ ሊኔድ፤
"ከመቃብር ዛፍ፣ ከዩ ቅጠል።"
ሚዛኑ፣ ጆንያው፣ ሃያ ሁለት ኪሎው፣ የቴግዊን እርሳሱ፣
ካልጋዋ በላይ ታዩኝ፣ በዚያች ቀጭን ቱቦ አንድ አንድ እያሉ ሲፈሱ።
"ቤት ብቀቅልላትስ? ደጄ ላይ ሞልቶ?"
አፈጠጠችብኝ፦ "በግ አላየህም ወይ፣ ከአጥሩ ሥር ሞቶ?
ቅጠሉ ያው ነው። የሚለየው ልኩ ነው፤ ስንት፣ ለማን፣ መቼ።"
"ያድናታል?" አልሁ።
"ጊዜ ይሰጥ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነግርህም ዋሽቼ።"

ፀጉሯ ረገፈ፤ ራሷ እንደ አጥሬ ተከርክሞ ወጣ፤
በመስታወት አይታ ሳቀች፦ "ኤምሪስ፣ እጅህ እቤት መጣ!"
እኔ አልሳቅሁም። ፒፓዬን ወንዝ ጣልሁት፣ ከድልድዩ በላይ፤
ዳክዬ ቀረበው፣ አሽትቶ ተወው። ሌላ ማንም አላይ።

ሚያዝያ ሲገባ የዛፉ ጫፍ ሁሉ አቆጠቆጠ፤
እሷም ራሷ ላይ እንደ ጫጩት ላባ፣ ነጭ፣ የተሸመጠጠ።
"ነጩ ነገር አንሷል" አሉን፤ ግን አላሉም ተቆረጠ።

ዛሬ ነሐሴ ነው።
ዝናቡ አባርቷል፤ እኔ መሰላል ላይ፣ እሷ ወንበሯ ላይ ሸራውን ይዛ፤
ትንፋሿ ይሰማል፣ እንደ አሮጌ በር፣ ቀስ ብሎ፣ ተጎትቶ፣ በዛ።
ቴግዊን መጣ። ሚዛኑን ሰቀለ።
"አሥራ ዘጠኝ ከግማሽ።"
"ጨምርበት" አለችኝ፣ ጣቷን ወደ ላይ ሰዳ፣
"ያው፣ እዚያ ጫፉ ላይ ለምለም አለ።"