ጥላ ሻጭ

«ደን መታጠብ» አለን አሠልጣኙ መጥቶ፣
ዘጌ ወደቡ ላይ ወረቀት ዘርግቶ።
«ሳሙናውስ የታል?» አለ አጃናው ስቆ፣
የጥበቃ ዱላው ከብብቱ ወድቆ።
ለካ ውሃም የለው፤ ስልክ ማጥፋት ብቻ፣
ቀስ ብሎ መራመድ በጣና ዳርቻ፣
የዋንዛ ግንድ ማቀፍ፣ ቅጠልን ማሽተት፣
ትንፋሽን መቁጠር ከአንድ እስከ ስምንት።

አባቴ በታንኳ፣ ደንገሉ እስኪሰምጥ፣
ማገዶ ጭኖ ነው ባሕር ዳር የሚሸጥ።
እኔ ልጁ ዛሬ፣ አንድ ዛፍ ሳልቆርጥ፣
ጥላውን በሰዓት ለእንግዳ ስሸጥ…
የሱ እጅ ማታ ማታ ሙጫ ይሸት ነበር፤
የኔ ምን ይሸታል፣ ከደረሰኝ በቀር?

«ጨፍኑ» እላለሁ፤ ዓይን ሁሉ ይከደናል፣
የኔ ግን ከሰዓት፣ ከጀልባ ይባክናል።
የሾላ ርጋፊ ጦጣ ታዘንባለች፣
የከፈለን ራስ በነፃ ትመታለች።

ትናንት ግን ውዴነሽ፣ ባንክ ቤት ብር ቆጥራ የደከመች፣
ዛፍ ሁሉ ሞልቶላት፣ ጉቶ አቅፋ ቀረች።
«ማነው የቆረጠው?» አለችኝ በሹክታ።
ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ለመልስ ሳመነታ፤
የስለቱ ፈለግ ከግራ ወደ ቀኝ።
አባቴ ነው፤ ግራኝ።

ምንም አልመለስኩም።
ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣
መዳፌን ዘርግቼ ጉቶው ላይ አኖርኩት።
ከታች ባለጀልባው ሲጣራ፣ ሲጣራ፣
ዘገየሁ፣ ዘገየን፣ ከውዴነሽ ጋራ።

ማታ ቤት ገብቼ እጄን ባሸተው፣
ደረሰኝ አይደለም፤ ሙጫም አልነበረው።
እርጥብ አፈር ብቻ።
ሳልታጠብ ተኛሁ።