የአውራ ጣት ፍርድ

የመነጽር መስተዋት በጥጥ ጠቅልዬ፣
ከብስክሌቴ ኋላ በሣጥን አዝዬ፣
ከላቦራቶሪው እስከ ሰው አፍንጫ
ይኸው ስንት ዘመን፣ ቦጎታን በሩጫ።
ዓይን ተሸክሜ ለየቤቱ ሳድል
እኔን የሚያይ ጠፋ፤ ይኼም ሆኖ ዕድል!

ሰማያዊው አውቶቡስ ጎኔን ታክኮ በርሮ፣
ስፖኪዮው ክርኔን ወደ ቦይ ገፍትሮ፣
ሾፌሩ አልሰማኝም፤ ሬዲዮ ከፍቷል፤
ጮኼ ነበር እኮ፤ ጩኸቴ የት ገብቷል?
ሁለት ጥንድ መስተዋት ደቀቀ በሣጥኑ፤
ከደሞዜ ወጣ የሁለት ሰው ብርሃኑ።
«ለጉሮሮሽ እዘኚ፣ ድምፅ ግዢ» አለችኝ
ሒሳብ ያዧ ማሪሴላ፣ ቅጣቱን እየጻፈችብኝ።

ሄድኩኝ ዶን አኒባል ጋ።
ሰንሰለት እንደ ቋንጣ ተሰቅሎ ከጣራ፣
ግራሶው ከጣቱ እስከ ጢሙ ሲያበራ፣
በሁለት ጆሮው ላይ ጥጥ ወትፎ ይሸጣል።
አንዷን ነካት፤ ቅጭል፤ ሻይ ያማሰለ ይመስላል።
ቀይ ጎማ ጨመቀ፤ ጉንፋን ያመመው ዝይ።
«ሌላ አለኝ» ብሎ ወጣ መሰላል ላይ።
ጥቁር፣ ባለ ባትሪ፣ ቡጢ የምታክል፤
በካርቶኗ ላይ፦ መቶ ሃያ ዴሲቤል።
«የቆመ ያስሮጣል፣ የተኛ ያነቃል፤
ልጄን ለትምህርት ግን እስካሁን አቅቶታል።»

ገዛሁት። አቤት ጩኸት! ታክሲ እግሩን ሰበሰበ፤
ያ ሰማያዊ አውቶቡስ ጥጉን ይዞ ጠበበ።
ለካ ሰው በድምፁ እንዲህም ይወፍራል?
ሃምሳ ኪሎ ገላዬ ሲኖትራክ አክሏል!
አንድ ሳምንት ነገሥኩ፤ መንገድ ጭር ሲል እንኳ
በርግብ ላይ ስነፋ፤
ጥጋብ ነበር ለካ።

ዓርብ ነው። ዝናቡ ገና መቆሙ ነው።
ከቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን፣ ሎተሪ አንጠልጥሎ
ኤፍራይን ቆሟል፣ በትሩን ከእግሩ ሥር ተክሎ።
ዓይኑ ካቆመ ቆይቷል፤ መንገዱን በጫማው ያውቃል።
ከጀርባው ጮኽኩበት።
በትሩ ወዲያ፣ ቲኬቱ ወዲህ።
ኩሬው ላይ ዋኘ ያገር ሰው ዕድል፤
ተንበርክኬ ለቀምኩ፣ እጄ እስኪዝል።

አልተቆጣኝም።
«ጥሩምባሽ ቦታ የለው» አለኝ፣ «ከላይ ነው ከታች?
ከየት መጣሽ ሳልል ነፍሴ ዘላ ወጣች።
‹ጥፋ!› ይለኛል እንጂ ወዴት እንደሁ አይነግር፤
ድሮም ለጠፋ ሰው ወዴት ልጠፋ ነበር?
ደወል ግን ቅጭል ሲል፣
በግራ ነሽ፣ በቀኝ፣ ስንት ክንድ ቀርቶሻል፣
ጆሮዬ ቁጭ ብሎ አንድ ባንድ ይቆጥራል።»
ያን ሁሉ መነጽር ተሸክሜ ቆሜ
ለእሱ የሚሆን አንድ አጣሁ ከሸክሜ።

ተመለስኩ ከሱቁ። ዓይኔን ጨፍኜ «ምታ» አልኩት፣ «ሁሉንም።»
አንዱ ቶሎ ሞተ። አንዱ አያባራም።
የነሐሷ ግን ሄዳ፣ ሄዳ፣
ከበሩ ላይ ዞር ብላ ተሰናበተች።
«እሷን» አልኩ።

አውቶቡሱ አልሰማትም፤ ሬዲዮው እንደ ተከፈተ ነው።
እናም ሁለቱም አሉ፣ እጀታዬን ተካፍለው፤
ግራው ለባለ ሞተር፣ ቀኙ ለባለ እግር፤
ዳኛው አውራ ጣት ነው፣ ይግባኝ የማይል ነገር፤
መዝገቡን የሚያየው
ዓይን እስኪጠቀስ ነው።

ትናንት ተሳሳተ።
ማዕዘኑ ላይ ስደርስ ግራው ቀኙን ቀድሞ
አንባረቀ ጥሩምባው፣ የአሥር ሰው ድምፅ ደምሮ።
ኤፍራይን ቲኬቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ፣
ከትከት የሚል ሳቁን ጢሙ ውስጥ ደብቆ፣
«ምነው ልጄ» አለ፣
«ምን ታየሽ ዛሬ ደግሞ፤ አውቶቡስ መሰልኩሽ?»