ልብና ኩላሊት

ሠላሳ ዓመት በወንዙ ዳር ገበያ አሳ ስበልት፣
ሆዱን በቢላ ከፍቼ፣ አንጀቱን ጎልጉዬ ስጥል፣
ከአከርካሪው ሥር የተጋደመ ጥቁር ቀይ መስመር ነበረ፤
በአውራ ጣቴ ጥፍር ፍቄ ለባሕር አንበሶች ስወረውረው
ስሙ «ጉድፍ» እንደሆነ ኖረ።

ዛሬ ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት
ሕያው አሳ እጠብቃለሁ፤ ከሰሊጥ ብዙ የማይበልጡ፣
ሺህ ጨቅላ በአንድ ቤት።
በላይ የቫልዲቪያ ዝናብ፣ ሐምሌን ሙሉ ሳያባራ፤
በታች ፓምፑ ሲያጉረመርም፣
ቀንና ሌቱን የማፈራርቅ እኔ ነኝ በተራ፣
በአንዲት ማብሪያና ማጥፊያ።

«ይህ ዘረመል» አለኝ ወጣቱ ዶክተር፣ ናዌል፣
«ራሱ ደም አይደለም። ቁስል አይደፍንም፣ አየር አይሸከምም፤
ደም ሁኑ ባይ ነው እንጂ።
ገና ምንም ላልሆነው ሕዋስ፣ አንተ ቀይ፣ አንተ ነጭ ብሎ
ከደም ሥሩ ግድግዳ አስነሥቶ የሚያሰማራ።»
እንደ ዶን አብዶን ነዋ! አልኩ በልቤ፤
አንድ ሳጥን አንሥቶ የማያውቅ የወደባችን ካቦ፤
አንድ ማለዳ የቀረ ዕለት ግን
የጀልባው አሳ ሁሉ እዚያው ገማ።

አርባ አንደኛው ገንዳ ያ ትእዛዝ የተሰረዘባቸው ናቸው።
ከአስኳሉ ጋር ይዘውት የመጡት ደም
በስምንተኛው ቀን አለቀ፤ ተተኪ አልተጠራም።
በማጉያው አየኋቸው፤ ገላቸው እንደ መስታወት፣
ልባቸው ይመታል፣
ይመታል፣
የሚያመላልሰው ውኃ።
ባዶ ጋሪ የሚገፋ ልብ እንዲህ ይተጋል?

«መቅኔ ቢስ» ስድብ ይመስለኝ ነበር፤
እዚህ የምርመራ ውጤት ነው።
«የአሳ መቅኔ» አለኝ ናዌል «ከአጥንቱ ውስጥ አይደለም፤ ኩላሊቱ ነው፣
ከአከርካሪው ሥር የተጋደመው፣ ጥቁር ቀይ…»
የቀረውን አልሰማሁም።
አውራ ጣቴን ስመለከት ነበር።

ልብና ኩላሊትን የሚመረምር፣ ይሉ ነበር ቄሱ በቅዳሴ፤
ምን ሊያገኝ ነው ከኩላሊት? እል ነበር፣ እያዛጋሁ።

ብዙዎቹ ሞቱ። በማንኪያ ለቅሜ አወጣኋቸው፣ ቆጠርኳቸው፣ ጻፍኩ።
በሃያ አንደኛው ቀን፣ ከጥግ ከቀረችው በአንዷ ጅራት
አንድ ቀይ ፍሬ አለፈ።
ቆይቶ፣ ሌላ።
ናዌል ወንበሩን ስቦ እስከ ሰባት ቆጠረ፤
መዝገቡ ላይ «ማን አዘዘ?» ብሎ ጻፈና
ብዕሩን ሳይከድን ተቀመጠ።

ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። የእህቴ ልጅ ሮሳሜል
የአሳ ጀርባ በጥፍሩ ሲፍቅ፣ የባሕር አንበሶቹ አፋቸውን ከፍተው፣
«ቀስ» አልኩት።
«ምነው፣ አክስቴ?»
ዝናቡን አመካኘሁ።