ሰባት ምን?

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካርድ ክፍል ሠራሁ፤
በአቧራ አስነጠስኩ፣ መሰላል ላይ ወጣሁ።
የማን ፋይል የት ነው? ጣቴ ነው የሚያውቀው፤
አይጥ የቀመሰውን በጠርዙ ነው የምለየው።
ዛሬ መደርደሪያው ተሸጠ በኪሎ፤
ማዕረጌም ተቀየረ፣ «ዳታ ጸሐፊ» ተብሎ፤
ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
ረዳት «ፒያሳ!» ሲጮህ፣ ፊደል ስሰበስብ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ የወልደሐና ልጅ፣
ስኳር ከያዛት ቆየ፤ ቤቷ ሠራተኛ ሰፈር።
በአትክልት ተራ ዘመን፣ ከመጋዘን ደጅ፣
ሽንኩርት ትረከብ፣ ትመዝን፣ ትቸረችር ነበር።
የእኛ ማሽን ጻፋት በፀሐዩ «ፀ»፤
ጤና ጣቢያው ደግሞ በጸሎቱ «ጸ»፤
ላብራቶሪው ጭራሽ በፈረንጅ ፊደል፤
እሷ አንድ ናት እኮ! እንዲህ ስትከፈል
ሦስት ፀሐይ ወጣች፤ አንዷ ጎልማሳ ገና፣
አንዷን የፈረንጅ ዘመን ስምንት ዓመት አስረጀና፣
ሦስቱም ባንድ ነጠላ፣ ባንድ ጥንድ ጫማ
ወረፋ ይዘዋል፤ ማንም ማንን ሳይሰማ።

ከዚያ ሽቦ መጣ።
እኛና ጤና ጣቢያው «ተገናኙ» ተባለ፤
ሪባን ተቆረጠ፣ ሚሪንዳ ተከፈተ፣ ኬኩ ተከፋፈለ።
አንድ ኃላፊ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«መረጃ ይፈሳል!» አለ፣ እጁን ወንዝ አድርጎ።

ፈሰሰም። ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ፣
ከእሪ በከንቱ መጣች አንዲት መስመር፣
በስንት መከራ ያገጣጠምኳት፦
ስም፣ ፀሐይነሽ። ስኳር፣ ሰባት።

ሰባት!
እኛ የምንቆጥረው በመቶ ነው፣ በሁለት መቶ፤
ማሽኑ ጮኸብን፣ ቀይ ለብሶ፣ ተቆጥቶ።
ዶክተር ኤልዳና፣ ገና ሁለት ወሯ፣
ግሉኮስ ታቅፋ በረረች በእግሯ።
ስኳሩ ሰባት የሆነ ሰው ቆሞ አይሄድም፤
አልጋ ለአልጋ ፈለግን፤ ራሷን የሳተች የለችም።
ለካ ፀሐይነሽ በረንዳው ላይ ቆማ
ዘበኛ ትሞግታለች፣ ድምጿ እስከ ላይ ሲሰማ፦
«ከእኔ በኋላ ነው የመጣው ሰውዬው!»

«ስኳርዎ ሰባት ነው» አለቻት ኤልዳና፣ ላብ አጥምቋት።
ፀሐይነሽ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አየቻት።
«ሰባት ምን?»

ዝም አልን።

«ሰባት ኪሎ? ሰባት ኩንታል? ሰባት ፈረሱላ?
ሠላሳ ዓመት መዘንኩ፣ በክረምት፣ በሸራ ጥላ፤
‹ሰባት› ብቻ ለሚል ሰው እጄን አልሰደድኩም፤
‹ሰባት ምን?› እለዋለሁ፤ መልስ ከሌለው፣ ሌላ!»

ጤና ጣቢያው ለካ በሚሊሞል ለክቷል፤
የእነሱ ሰባት ለእኛ መቶ ሃያ ስድስት ይሆናል።
ሽቦው ቁጥሩን አመጣ፤ መስፈሪያው መንገድ ቀርቷል፣
አራዳ ላይ ወርዶ ሌላ ታክሲ ይጠብቃል።
ተኝታ ብትሆንስ? አፏ ባይመልስስ?
የኤልዳና እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤
ያን መርፌ እኔም በሕልሜ አያለሁ።

ማታ መብራት ጠፋ። ከፕሮግራመሩ፣ ከሚልኪያስ፣
በስልክ ባትሪ ብርሃን ሰንጠረዥ ላይ ስንመላለስ፣
«ይሄ ቃል እዚያ ምንድን ነው? ያኛውስ እዚህ?»
«ልቤን አቃጠለኝ» የሚል ሰው ጨጓራውን ነው፤ ይህን
ማሽን ከየት ያውቃል? ስንቱን ልብ ክፍል ልከን!
ሚልኪያስ «ስታንዳርድ» ይለዋል። እኔ እርቅ እለዋለሁ፤
«ጸ»ቸውን ተቀብዬ፣ ሚሊግራሜን ሰጥቼ፣
በስልክ ስደራደር አድሬያለሁ።

ባለፈው ሐሙስ መጣች።
ስክሪኑን አዞርኩላት፦ «ይኸው፣ አንድ ሆነሻል።» አየች፤ አየች።
ቢጫ ፌስታሏን፣ ያን የወረቀት ክምር፣
ራጁን፣ ማዘዣውን፣ የጥቅምቱን፣ የኅዳር፣
ከብብቷ ሥር ጠበቅ አደረገች።
«እሱስ ጥሩ ነው» አለች፣
«መብራት እስኪሄድ ድረስ።»

ልትወጣ ስትል ጠራኋት፦
«ቀጠሮሽ ሰኞ ነው፣ ሦስት ሰዓት!»
በሩን እንደያዘች ዞረች።
«የማን ሦስት?» አለች።