የአንገት ውል

ሊዮን፣ ኦፔራው ምድር ቤት፣ ካፖርት ተቀባይ ነኝ፤
ስሜን ትቶ በቁጥር ነው ሰዉ የሚያናግረኝ።
"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት" እላለሁ፤ ይወስዳሉ፤
ስሜን የሚያውቁ መስቀያዎች ዝም ብለው ይሰቀላሉ።

አለቃ ያደለን አለ፣ ቢራቢሮ ክራቫት፣
ፋብሪካ የቋጠረው፣ ላስቲክ የገባበት፣
በመንጠቆ ማጅራት ላይ የሚቆለፍ፣
በመርፌ የተሰካ፣ መክነፍ የማያውቅ ክንፍ።
"ከሦስት እርምጃ ወዲያ ማን ይለየዋል?" አለ ቲቦ።
እውነቱን ነው።
እኔ ግን የምኖረው ከአንገቴ ሥር ነው፤
ከሦስት እርምጃ ወዲያ ያለውን ሌላ ሰው ይኑረው።

ደሞዝ በወጣ ማግስት ክርዋ ሩስን ወጣሁ፣
የሐር ሸማኔ ዳገት፤ ማዳም ሶላንዥ ሱቅ ገባሁ።
መሳቢያ ሳበች፤ መቶ ክንፍ ተኝቷል።
ቀዩን አነሳሁ። "አስማተኛ ያስመስልሃል።"
ነጠብጣቡን። "እሱ ለተጫዋች ሰው ነው፤ ታስቃለህ?"
"አላውቅም።" "እንግዲያው ተወው፣ ይስቅብሃል።"
ድፍን ጥቁሩን። "እሱ ሠርግና ልቅሶ አይለይም።"
አስቀመጥኩት፤ እኔም አንዳንዴ አልለይም።
ከሥር አንዲት ቀርታለች፣ የተቆላ ኑግ መሳይ፣
ጥቁር ሲሏት ብርሃን ጠቅሳ ወይን ጠጅ የምታሳይ።
"ይቺን።"
ማዳም ዝም አለች፤
ዝምታዋን በስስ ወረቀት ጠቅልላ፣ "ሠላሳ ስምንት ዩሮ" አለች።

"ጫማ እንደማሰር ነው" ብላ ሸኘችኝ፤
አንገትና እግር ዘመድ መሆናቸውን ያን ቀን ነገረችኝ።
አሥራ አንድ ማታ ከመስታወት ጋር ተጣላሁ፤
እኔ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ፤ አንገቴን እንደያዝኩ ተኛሁ።
በአሥራ ሁለተኛው ዓይኔን ጨፈንኩ፤
ጣቴ ውሉን አገኘው፤ እኔ ቆሜ ጠበቅኩ።
ውል እኛ ዘንድ ሁለት ነው፤ የክር ጫፍ፣ የሰው ቃል፤
የክሩ ሲሳብ ይፈታል፣ የሰው ሲሰጥ ያስራል።
ከሸሚዜ ሥር ማተቤ፣ ከላዩ ሐሩ፤
ሁለት ጥቁሮች በአንድ አንገት ሳይተዋወቁ ኖሩ።
ግራ ክንፏ ታዘነብላለች። "ተዛባ" አለ ቲቦ።
"ለሱ ነው የከፈልኩት።"

ጥር ላይ ነው፣ ደወሉ ሁለቴ ከተደወለ ወዲያ፣
አዳራሹ በሩን ሊዘጋ፣ እኔም ቁጭ ልል እዚያ፣
አንድ ረጅም ሰው፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የመጣ፣
ሁለት ጫፍ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱ እንደ ኖራ የነጣ።
"ሚስቴ ነበረች የምታስርልኝ" አለ።
"ነበረች" ያላትን ቃል አልነካሁም።
ባንኮኒውን ዞሬ ወጣሁ። "ቀና ይበሉ" አልኩት።
ቀና አለ፤ ዓይኑን ከደነ፤ አንገቱን ሰጠኝ።

ምላጭ የሳታት አንዲት ነጭ ጠጉር።
ሲውጥ ከፍ ዝቅ የሚል ጉሮሮ።
በዚህ አገር ስንት ሰው ወረቀቴን አገላብጧል፣ ፊቴን ሳያይ፤
ይህ ሰው ጉሮሮውን እጄ ላይ ጣለ፣ ማን መሆኔን ሳይለይ።
አንዱን በአንዱ ላይ፣ አጥፌ፣ አሾልኬ፣ ሳብ፤
ጣቴ ሥር ደም ስሩ ሲመታ፣ ቱብ፣ ቱብ።
በመዳፉ ዳበሳት። "ትንሽ ታዘነብላለች።"
"እንድትተነፍስ ብዬ ነው፤ ቀጥ ካለች ትታፈናለች።"

ሲወጣ ቁጥሩን ሰጠኝ። ክንፏ እንዳሰርኳት ነው።
"ሳልፈታት በራሴ ባወጣትስ? ለሌላ ቀን" አለ።
"አይሆንም፣ ሙሴ። ያደረ ቋጠሮ ያው መንጠቆ ነው።
ይፍቱት። ሲመጡ አስራለሁ።"
እንደ ሌላው ሁሉ ሁለት ዩሮ ሳህኑ ላይ ተወ።
ይመጣ እንደሆነ አላውቅም።

እኩለ ሌሊት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኩሽናዬ ቆሜ፣
መብራት ሳላበራ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ከደከመው እግሬ፣
ጫፏን ሳብ አደረግኋት። ሐር ሲፈታ ድምፅ አለው፤
"እሺ" የሚል ይመስላል፣ ጆሮ ለሰጠው።
አንገት የተሠራው ዞሮ ለማየት ነው ይላሉ፤
ዞሬ አየሁ፤
ወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ በጨለማው መሃል፣
ሁለት ጫፍ ተንጠልጥሏል።