የሮሪ መልስ

ገና በመጣ ቁጥር፣ በረዶው ደጅ ሲዘጋ፣
አያቴ ኢሽቤል ሳጥኑን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ስትጠጋ፣
ዝም እንላለን ሁላችን፤
ሪባኑ ሲፈታ ይሰማዋል ጆሯችን።

ሁለት ደርብ ነው ቸኮሌቱ፤
የላዩ ሳያልቅ አይከፈትም የታችኛው ቤቱ።
ምርጫው ከታናሽ ይጀምራል፤
በዕድሜ የገፋ መጨረሻ ይቀራል።
በጣት የነኩትን መመለስ አይቻልም፤
ጠርዙን ገምጦ «ይቅርብኝ» አይባልም።
አጎቴ ሌክላን ግን፣ ከጥፍሩ ሥር ዓመቱን ሙሉ ከሰል የማይጠፋ፣
ሆዳቸውን በአውራ ጣት እየወጋ ካራሜል ሊያገኝ ሲለፋ፣
በማንኪያ እጁን ትመታዋለች፤
«ዕድልህን ብላ!» ትለዋለች።

ከክዳኑ ውስጥ ካርታ አለ፣ የያንዳንዱን ስም የሚናገር።
እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ ካርታ ላይ ነበር።
ለእርሷ ሁልጊዜ የሚተርፋት ዝንጅብሉ ነው።
«እወደዋለሁ» ትላለች። ማን ይከራከራት፣ ማነው?

አንዲቷ ግን አትነካም፤ አራት ማዕዘን የሆነች፣
በአናቷ ላይ ግማሽ ዋልነት የተሸከመች።
የሮሪ ናት፣ የኢሽቤል ባል።
ጉድጓዱ ከባሕሩ ሥር ነው፤
በላይ ዓሣ ይዋኛል፣ በታች ሰው ይቆፍራል።
አንድ ማክሰኞ ወረደ። ማክሰኞ አለፈ።
የምሳ ዕቃው ብቻ ወጣ፣ ክዳኑ እንደታጠፈ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ሌሊት ተነሣሁ።
ሦስተኛው ደረጃ እንደሚጮህ ረሳሁ።
ጮኸ። ቆምሁ። ጠበቅሁ። የነቃ ሰው የለም።
የሙት ድርሻ በላሁ፤
ያን ያህል የጣመኝ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጧት ሳጥኑ ሲከፈት፣ በዚያችው ቦታ፣
ጥቁር ነገር ተቀምጧል፣ ያብረቀርቃል በዝምታ።
ከሰል ነበር፤ የአውራ ጣት ራስ የሚያህል፣
ላየው ሰው ከሩቅ ቸኮሌት የሚመስል።
አያቴ ክዳኑን ይዛ፣ ማንንም ሳታይ፣
«ሮሪ ድርሻውን በላ» አለች፤ «መልሱም ይኸው፣ እይ።»

መልሱ የየትኛው ጥያቄ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሳጥን ይለወጣል፣
ቸኮሌቱ ያልቃል፣ ካርቶኑ ይጣላል፤
ከሰሏ ግን በጥጥ ተጠቅልላ፣
ገናን ትጠብቃለች ከመርፌ ዕቃው ጋራ ውላ።

ጉድጓዱ ተዘጋ። አሳንሰሩን ሸጡት።
የከሰሉን ባቡር ሐዲዱን ነቀሉት።
ወንድሞቼ ለነዳጅ ሥራ ካልጋሪ ሄዱ፤
ሳጥኑም አንድ ደርብ ብቻ ሆነ፣ ዋጋው ነው እንጂ ጉዱ።
ኢሽቤል በመጋቢት ሞተች። ሌክላን ተከተላት፣
ሳንባው የጠጣውን አቧራ ይዞላት።

ዘንድሮ ትልቁ እኔ ነኝ፤ ከሁሉ በኋላ መራጭ።
ዝንጅብሉ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፣ ያ ጉሮሮ የሚፈጭ።
«እወደዋለሁ» ማለትን ከአሁኑ ተለማመድሁ፤
እርሷም እንዲህ ትዋሽ እንደሁ...

ታናሿ ዊና ናት። አራት ዓመቷ ነው፣ ከካልጋሪ የመጣች።
በወንበሩ ላይ ተንበርክካ ጣቷን ሰደደች፤
ለውዙን ዘለለች፣ ካራሜሉን ናቀች፣
ከሰሏን አነሣች።
«ኧረ!» አለ አባቷ። እጁን ያዝሁትና፣
«የነካችው የርሷ ነው» አልሁት፤ «ሕጉ አልተሻረምና።»

ላሰቻት።
ከንፈሯ ጠቆረ።
ማንበብ ባትችልም ካርታውን ገለበጠች፣
«የዚችኛዋስ ስም የት አለ?» እያለች።
ምላሷን አጣጣመች፣ እንደ ዳኛ አሰበች፦
«ጨው ጨው ትላለች።»

ስለ ባሕሩ ማንም አልነገራትም።

«ቀጥሎ ማነው?» አልሁ፣
ሳጥኑንም ገፋሁ።