በግራ እጅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሳደርስ፣
ኩህሞን ዳር እስከ ዳር በእግሬ ስዳስስ፣
ስንት ውሻ አምልጬ፣ ስንት አጥር ዘልዬ፣
ይኸው ዛሬ ደረስኩ ጉልበቴን አዝዬ።
ቀኙ ነው የከዳኝ። ደረጃ ስወርድ
እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ይላል በግድ።

ልጄ ከሄልሲንኪ ከዘራ ላከች፣
አበባ ያለበት፣ «ያምራል» ብላ መረጠች።
ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩት፣ ጃንጥላ ይመስል፤
«ገና ነኝ» እያልኩኝ ግድግዳ ስከተል፣
ከወንበር ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ በር፣
እንደ ፈሪ ጀልባ ዳር ዳሩን ስዞር።

ጥቅምት ላይ ወደቅኩ፤ መደብሩ ውስጥ ነው።
አጥንቴ ደህና ነው፣ የፈሰሰው ወተቱ ነው።
ግን ያ ሊያነሳኝ የጎነበሰው ወጣት
«አያቴ» ሲለኝ ነው የተሰማኝ ስብራት።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲሩ ተቀበለች፣
ጥፍሯ ሰማያዊ፣ ገና ልጅ እግር ነች።
«ጫማዎን ያድርጉ፤ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤
እጅዎ ይንጠልጠል፤ ለመሄድ አይቅደሙ።»
ከእጄ አንጓ መስመር በጣቷ ለካችና
ከዘራውን ሁለት ቀዳዳ ዝቅ አረገችና፣
«ክርንዎ በትንሹ ይታጠፍ። እንዲህ ነው።
ልብስ ብቻ አይደለም በልክ የሚገዛው፤
ሲረዝም ትከሻ፣ ሲያጥር ወገብ ያማል።»
ከጫፉም የብረት ጥርስ ሰካች፤ «በረዶ ይነክሳል፣
ቤት ሲገቡ ይታጠፋል።»

በቀኝ እጄ ያዝኩት፤ የታመመው ቀኝ ነው።
«የለም፣ በግራዎ» አለች። ግራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።
«ከዘራው ይወጣል ከደካማው እግር ጋር፣
ሁለት ጓደኛሞች ወንዝ እንደሚሻገር።
ረዳት የሚቆመው ከሕመሙ ማዶ ነው።»

ዝም አልኩ።
ግራዬ ታይስቶ የሚሄድበት ነበር፣
አርባ ዓመት፣ ማታ ማታ፣ በሐይቁ ዳር፣
አንዴ ቀድሞ፣ አንዴ ዘግይቶ፣ እያፏጨ፤
ከሞተ ስድስት ዓመት፣ ያ ጎኔ ክፍት ነው።
ይህን ለሲሩ አልነገርኳትም። ምን አገባት?
«እሺ፣ በግራዬ» አልኩና ጨበጥኩት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሰማዩ ሳይቀላ
እወጣለሁ፣ ቁርሴን አጃ ገንፎ በልቼ፣
እስከ ፖስታ ሳጥኖቹ፣ ሦስት መቶ እርምጃ።
በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳው ላይ ቆምኩኝ፤
ጎረቤቴ ኦይቫ በመስኮት ሲያየኝ
ወፍ የማይ መስዬ ትንፋሽ ሰበሰብኩኝ።

ልጄ ደወለች፦ «ይዘሽው ትወጫለሽ?»
«አልፎ አልፎ» አልኳት።
ውሸቴን ነው። ያለ እሱ ከደጅ አልወጣም።
አበቦቹን ግን ፋቅኋቸው በኩሽና ቢላ፤
አንዷን ብቻ ተውኳት፣ ከእጀታው በኋላ።

ዛሬ ስመለስ ዞር ብዬ አየሁ
ማንም ያልረገጠው አዲሱ በረዶ ላይ፦
ሁለት እግር፣ አንዱ ትንሽ የሚጎተት፤
በግራ በኩል ደግሞ ነጥብ፣
ትንሽ፣ ጥልቅ፣
እስከ ሳጥኖቹ ድረስ
ከእኔ የማትርቅ።